የጋሽ አድማሱ በርጩማዎች

ጋሽ አድማሱ ማረፋቸውን የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ፣ «እታለም፣ ጋሽ አድማሱ አረፉ ተባለ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይኔ ብሎ ነጠላውን ይጥላል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ማን አለ?» አልኩት። «ሰዎች» አለኝ። «የትኞቹ ሰዎች? ለማን ሲናገሩ ሰማህ?» ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝና ባጃጁን አዙሮ ሄደ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄው የኔ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው የመጣውን የሄደውን ሁሉ ሲጠይቁት የኖሩት የራሳቸው ጥያቄ ነበር። በስተመጨረሻ የገዛ ሞታቸውን አስጠየቁኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ልቅሶው መጣ፣ ከዚያ ሁለቱ ተደባለቁብኝ። ከጎን ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ጥሩ ሮጠው ሲደርሱ የትኛውን እንደሚያባብሉ ጠፍቷቸው ቆሙ።

እንጅባራ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ካሉበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ውል እተይባለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ እተይባለሁ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክም እተይባለሁ። እኔ ራሴ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ አልሰማም፤ ግን ሰዉ ከገጠር ሲመጣ በአማርኛ ስለሚያጽፍ ችግር የለብኝም።

ጋሽ አድማሱ ዳንግላ ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት አማርኛ አስተምረው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው የተመለሱ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ፣ ጥቁር ጃንጥላ ክረምት ከበጋ የማይለያቸው ሰው። መጀመሪያ የመጡት መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ ነው። እኔ የአንድ ገበሬ ማመልከቻ እየተየብኩ ነበር። በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አነበቡና፣

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም እኮ» አሉኝ።

«አመልካቹ ውጭ ቆሟል» አልኳቸው።

«እሱን አላልኩም። ‹አጥሬ ፈረሰ፣ ሰብሌ ተበላ፣ እኔም ተበደልኩ› ይላል። ማን አፈረሰ? ማን በላ? ማን በደለ? ሦስት ግስ ጠርተሽ አንድ ሰው አላስገባሽም።»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። «ኮፒዎ አልቋል» ብዬ መታወቂያቸውን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው እቴ። ወጥተው ከእትዬ ጥሩ ቤት ሦስት በርጩማ ተሸክመው መጡ፣ በረንዳው ላይ ደረደሯቸው፣ ገበሬውን አንደኛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በጃንጥላቸው ጫፍ ባዶውን በርጩማ መታ መታ አደረጉና «አጥር ደክሞት አይተኛም። ያፈረሰው እዚህ ይቀመጣል። ማን ነው?» አሉት።

ገበሬው በርጩማውን አየው። ጎረቤቱ እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተና ዘጋው። «በሬ ነው» አለ።

«የማን በሬ?»

ጃንጥላው ደግሞ መታ መታ አደረገ።

«የኔው ነው» አለ ገበሬው። «ግን ጎረቤቴ ሳይፈታው አይቀርም ብዬ ነው።»

«ሲፈታው አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ያላየኸውን ሰው እዚህ አታስቀምጥ።»

ገበሬው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፣ ከዚያ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ማመልከቻውን ሳይወስድ ሄደ። ጋሽ አድማሱ ግን አልሄዱም። በማግስቱም መጡ፤ በሳምንቱም መጡ። እንዲህ ሆነው ነው የበረንዳዬ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆኑት። እሳቸው ያስጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አመልካቹ አንድ ነገር ሲናገር ግሱን ይይዙና በርጩማ ያወጡለታል። «ተኛ» ካለ አንድ ይበቃዋል፤ የተኛው ሰውዬ ብቻ። «ሰበረ» ካለ ሁለት። «ሰጠ» ካለ ሦስት፣ ምክንያቱም ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ዕቃው ራሱ አለ። «ሸጠ» የሚል ባለጉዳይ ሲመጣ እትዬ ጥሩ ቀድመው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዕቃ፣ ዋጋ እየተባለ አራት በርጩማ ስለሚሄድባቸው። አንድ ቀን «ሽልማቱን አበረከተ» የሚል ጉዳይ መጥቶ፣ አበርካች፣ ተሸላሚ፣ ሽልማት፣ ምክንያት እያሉ ሲደረድሩ የሻይ ጠጪዎቹ ሁሉ ብርጭቆ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እትዬ ጥሩ ወጥተው «ጋሽ አድማሱ፣ በሰው በርጩማ አማርኛ ያስተምራሉ እንዴ?» ብለው ጮኹባቸው። «በባዶ ሜዳ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ምን ተማሩ?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«የግሱ ሰዎች ማንም ባይጠራቸውም አሉ» ይሉኝ ነበር። «ግሱን ባነሣሽ ጊዜ አብረው መጥተዋል። አስገብተሽ ካላስቀመጥሻቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻል።» ባዶውን በርጩማ በጃንጥላቸው ሲመቱት፣ የትም አገር ያለው ያ ሰውዬ ሳይደነግጥ የሚቀር አይመስለኝም ነበር።

ወሬው ተዛመተ። ከጥሊሊም ከአዲስ ቅዳምም በሚኒባስ እየመጡ የሚያጽፉ ሆኑ። አንድ መሥሪያ ቤት «ጉዳዩ ታይቶ ተወስኗል» ብሎ ለጻፈው ደብዳቤ፣ «ማን አየው? ማንስ ወሰነ? ስማቸው ይገለጽልንና አመስግነን እንግባ» ብለው መልስ አስጻፉኝ። ደብዳቤው ስም ይዞ ተመለሰ። ባለጉዳዩም በእውነት ሄዶ አመሰገናቸው።

እኔንም አልማሩኝም። ያን ሰሞን አንድ ዓይን አፋር የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ወረቀት ኮፒ እያስደረገ ይመላለስ ነበር። አንድ ወረቀት አሥራ አንድ ጊዜ ኮፒ ያስደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን በስልክ መልእክት ላከልኝ፤ ከፍቼ ባየው «ተወደሻል» ይላል። አንዲት ቃል። ጋሽ አድማሱን ምን ልበለው አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኬን አራቁት፣ አቀረቡት፣ «ወዳጁ የት ሄደ?» አሉ። እኔም «በማን?» ብዬ መለስኩለት። ኔትወርክ ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣና በረንዳው ላይ ከነበሩት ሁለት በርጩማዎች በአንዱ ተቀመጠ፤ ሌላውን በእጁ አሳየኝ። አሁን ባሌ ነው፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

አንዴ ግን የእውነት ያዋረዱኝ ቀን አለ። የሕይወት ታሪክ የምሠራው በአንድ ፋይል ላይ ነበር። የቀድሞውን ሟች ስም አጠፋለሁ፣ የአዲሱን አስገባለሁ፣ «ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተዳሩ፣ አረፉ» ያው ነው፣ ለሁሉም ይሆናል። ከጥርባ አካባቢ ለመጡ ለቀስተኞች የአንዲት አሮጊት ታሪክ ስሠራ ካለፈው ሟች አንድ መስመር ሳላጠፋ ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በቆመበት፣ አንባቢው «ጢማቸውን አሳምረው የሚይዙ፣ በአካባቢው የተመሰከረላቸው ፈረሰኛ ነበሩ» ብሎ አነበበ። ልጆቻቸው ወረቀቱን ይዘው መጡብኝ። እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ትልቋ ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ እናቴ ብትሰማው ከሬሳ ሳጥኑ ትነሣ ነበር አለች። ጋሽ አድማሱ ጃንጥላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ስንረጋጋ ግን እንዲህ አሉኝ።

«ጢሙ አይደለም የከፋው። ሴትዮዋን ማን ወለዳቸው? ማን አሳደጋቸው? ማን ነው የዳራቸው፣ ለማንስ ነው የዳራቸው? ያን ሁሉ ሰው አስወጥተሽ ያልነበራቸውን ጢም አስገባሽላቸው።»

ያን ቀን አኩርፌ ሳልሰናበታቸው ገባሁ። ልክ ናቸዋ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰው በርጩማ ላይ የሚያስቀምጡት ጋሽ አድማሱ ግን ራሳቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻቸው፣ በርጩማ የማያወጡላት። «ፈረሱ ውሃ ጠጣና ሞተ።» አበቃ።

ነገሩን የነገሩኝ እትዬ ጥሩ ናቸው። ጋሽ አድማሱ ታላቅ ወንድም አላቸው፤ አያ ቢተው ይባላሉ፣ ዘንገና አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ። አያ ቢተው እንደ ልጅ የሚያዩት ዳማ ፈረስ ነበራቸው። እዚህ አገር ፈረስ ለሠርጉም ለልቅሶውም ከሰው እኩል ይሰለፋል፤ ስለዚህ ለሰው አይሰጥም። ግን መምህሩ ወንድማቸው ዳንግላ ላይ ሙሽራ ሊያጅቡ ነውና ሰጧቸው። በሠርጉ ማግስት ግን ኮርቻው ብቻ በሰው ሸክም መጣ። አያ ቢተው ምን ሆነ ሲሏቸው ጋሽ አድማሱ «ውሃ ጠጣና ሞተ» አሏቸው። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያውቃል፤ ላቡ ያልደረቀ ፈረስ ውሃ ፊት አይቀርብም፤ ከቀረበም ያቀረበው ሰው አለ።

አያ ቢተው ካሳ አልጠየቁም። ፈረስም ተካልኝ አላሉም። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድማቸው «ገደልኩት» እንዲሉ። ጋሽ አድማሱ ደግሞ «ሞተ» ከምትለው ፈቀቅ አላሉም። ሽማግሌ ተላከ፣ ቄስ ገባ፣ አልሆነም። አሥራ ስምንት ዓመት ልቅሶ ቤት እየተገናኙ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ተቀመጡ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ መቼ ያስችለኛል። አንድ ከሰዓት፣ አንዱን ባለጉዳይ «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ሲያፋጥጡ ሰማሁና ሰውዬው እንደሄደ በሳቅ ጣል አደረግኋት። «ጋሽ አድማሱ፣ ለመሆኑ ያን ፈረስ ማን አጠጣው?»

ጃንጥላቸውን አነሡ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱ። ሄዱ። ሁለት ቀን በረንዳው ባዶውን ዋለ፤ ምላሴን በቆረጠው እያልኩ እኔም ምሳ አልበላልኝ አለ። እትዬ ጥሩ እንኳን፣ በርጩማ ይዞባቸው የሚጠፋ ሰው በማጣታቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ፣ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ «አልመጡም?» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተው ቦታቸው ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ እንጀምር» አሉ። ፈረስ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣሁም።

ወራት አለፉ። በገበያ ቀን፣ ሰው መንገዱን ሞልቶት፣ ከባጃጅ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አስቀድመው ወረዱ። ጋቢያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነክቶታል። በረንዳዬን አዩ፣ በርጩማዎቹን አዩ። ጋሽ አድማሱን አላዩም፤ ማለቴ አይተው አላዩም። ጋሽ አድማሱ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ማን እንደሆኑ የገባኝ አፍንጫቸውን ሳይ ነው፤ ያው አፍንጫ ነው፣ የሚያርሰውና የሚያስተምረው ብቻ ይለያል።

«ማመልከቻ ላጽፍ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«በማን ላይ ነው አባቴ?»

«በአድማሱ ላይ።»

እትዬ ጥሩ ማንቆርቆሪያ እንደያዙ በራቸው ላይ ቀሩ።

«አባቴ፣ ማዶ ሌላ ጸሐፊ አለ፤ እሱ ጋ ላድርስዎት» አልኳቸው።

«ጠይቄ ነው የመጣሁ። ከአድማሱ የሚሻል ጸሐፊ የለም አሉኝ። በደካማ ማመልከቻ አልከስም።»

እኔ የት ልግባ። መሳቅ አልችል፣ አለመሳቅ አልችል፤ አንገቴን ኪቦርዱ ላይ ደፋሁ። አያ ቢተው ቀጠሉ። «ዘንድሮ ጉልበቴ ከድቶኛል። ሳልሰማው ልሞት ነው። በአፉ ካላለው በጽሑፍ ይበለው።»

ጋሽ አድማሱ ተቀመጡና እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። ሥራቸው ነው፤ ባለጉዳይ መጥቷል። «አንቺ ልጅ፣ ተዘጋጂ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጠን ብሎ ነበር። «ለማን ይድረስ ይበል፣ አያ?»

«እሱን ኋላ እናየዋለን። ጻፍ። አመልካች ቢተው ነኝ። ዳማ ፈረሴ ተገደለ።»

«ማን ገደለው?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

አፋቸው ቀደማቸው። ዓመታት ሙሉ ለመጣው ሁሉ ሲሉት የኖሩት ቃል ነው፤ ልማድ ሆኖ ወጣባቸው እንጂ አስበው አይደለም። ካሉት በኋላ ራሳቸው ሰሙት። ጃንጥላቸው ደግሞ በራሱ ፈቃድ የሄደ ይመስል ባዶውን በርጩማ መታ መታ አድርጎት ነበር። 

አያ ቢተው ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁ። አልረዷቸውም፣ አልተቆጧቸውም። ባዶው በርጩማ መሐላቸው ተቀምጧል።

ጋሽ አድማሱ ከወንበራቸው ተነሡ። መደገፊያ ያላት የራሳቸው ወንበር ናት፤ እኔ እንኳን አልቀመጥባትም ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከሙሽራው ደጅ እስከ ወንዙ ጋለብኩት። ወንዝ ስንደርስ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። አጃቢዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ከነሱ መሐል በጫማ የመጣሁ አስተማሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ ፈረስ የማውቅ መስዬ ልታይ ብዬ ወረድኩና አጠጣሁት። አንድ ሽማግሌ ተው ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ጠጣ ማለቴ ሐሰት ነው፤ አጠጣሁት። ሞተ ማለቴ ሐሰት ነው። ገደልኩት።»

ጣቶቼ ቆመዋል።

«ጻፊ እንጂ» አሉኝ። «ባለጉዳይ ይጠብቃል።»

ጻፍኩ። አያ ቢተው ዘወር ብለው ወደ እትዬ ጥሩ ቤት ገቡና፣ በዚያ ደካማ ጉልበታቸው፣ አንድ በርጩማ ይዘው ወጡ። ከወንድማቸው አጠገብ አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

«አንድ ጎድሎ ነበር» አሉ። «ጻፊ፣ ልጄ። ፈረሱን ማን ሰጠው? እኔ ነኝ። ልጓሙን ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ላቡ ሳይደርቅ ውሃ እንዳታሳየው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩትም። ይኼን ያህል ደብተር ያገላበጠ ሰው ይቺን ያጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ጥሩ ናቸው። እኔ ተከተልኩ። ከዚያ ጋሽ አድማሱ፣ ከዚያ አያ ቢተው ራሳቸው ሳቁ፤ ሲስቁም ሲያለቅሱም ያው አፍንጫ ነው የሚቀላው። ከዚያ በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ መተየብም አልተቻለኝ። በሁለቱም በርጩማ ላይ ሰው መኖሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፕሪንተሬ በዚያች ቀን እንኳን አላፈረም፤ ሁለት ወረቀት በልቶ ሦስተኛውን አወጣ። አያ ቢተው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሳረፉበት። «ለማን ይድረስ ልበል ታዲያ?» አልኳቸው። «ለኔ» አሉኝና አጥፈው ከጋቢያቸው ውስጥ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። የትም አላስገቡትም። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን እየመጡ በዚያችው በርጩማ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ጀመር፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ከታናሽ ወንድማቸው ቀድመው «ማን ነው?» ይሉታል። ጋሽ አድማሱ «አያ፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ» ይሏቸዋል። አያ ቢተው የሚቀጥለውንም ባለጉዳይ ቀድመው ይጠይቃሉ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ አድማሱ ሳል ጸንቶባቸው እየመጡ እየቀሩ ሳለ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ የኔን ስትሠሪ ከዚያ ፋይልሽ ላይ እንዳታደርጊው። ጢም የለኝም።» እሺ አልኳቸው። «ደግሞ ፈረሱን አትርሺ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ፈረሱ ግን ከነሰዎቹ ይግባ።»

ስለዚህ ባጃጁ ከሄደና ካለቀስኩ በኋላ ባዶ ፋይል ከፈትኩ። «ተወለዱ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እናታቸው ወይዘሮ አገሬ ዘንገና አጠገብ ወለዷቸው አልኩ። «ተማሩ» የሚለውንም አጠፋሁ፤ ታላቅ ወንድማቸው እርሻውን ብቻቸውን እያረሱ ትምህርት ቤት ላኳቸው አልኩ። ይህን የነገሩኝ አያ ቢተው ናቸው፤ ጋሽ አድማሱ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አልነገሩኝም። ፈረሱ ጋ ስደርስ ማመልከቻውን ኮምፒውተሬ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁትና ነገሩን ከነሰዎቹ አስገባሁት።

ቀብሩ ላይ እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሬ በፊት የእድሩ ዳኛ ወረቀቱን ቃኝተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የፈረሱ ነገር ይቅር ልጄ። ሰው በመጨረሻ ቀኑ ነውሩ አይነሣበትም።»  እሺ እንዳልል ቃሌ አለ፣ እምቢ እንዳልል ትልቅ ሰው ናቸው። አያ ቢተው ከሣጥኑ አጠገብ ምርኩዛቸውን መሬት መታ መታ አደረጉ፤ ልክ እንደ ጃንጥላው።

«ይነበብ» አሉ። «ያለሱ የኔ ወንድም አይደለም።»

አነበብኩት። «የወንድማቸውን የአቶ ቢተውን ዳማ ፈረስ፣ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ አጠጥተው ገደሉ። አቶ ቢተውም ሳያስጠነቅቁ ሰጥተዋቸው ነበር። ሁለቱም ይህን በበረንዳ ላይ ተነጋግረው ታረቁ።» ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቅ በነጠላ ታፍና ወጣች፣ ከወንዶቹም ተከተለ፣ ቄሱ እንኳን ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። እየሳቁ የሚያለቅሱ ሰዎች ያን ያህል በአንድ ግቢ አይቼ አላውቅም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አያ ቢተው አጠገባቸው እንድቀመጥ ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ እሳቸውም አሁን እንዲህ ነው የሚሉኝ። «አድማሱ ‹ሞተ› የሚለውን ስንት በርጩማ ይሰጠው ነበር?»

«አንድ» አልኳቸው። «የሞተው ሰው ብቻ፤ ‹ተኛ› ከሚለው ጋር እኩል ነው ይሉ ነበር።»

አያ ቢተው ቀና ብለው ድንኳኑን አዩ። የእድሩ አግዳሚዎች ሞልተዋል። እትዬ ጥሩ በርጩማዎቻቸውን በሙሉ በባጃጅ አስጭነው አምጥተዋል፤ እነሱም ሞልተዋል። ከጥሊሊ የመጡት ቆመዋል፣ ከዳንግላ የመጡት የድሮ ተማሪዎች ቆመዋል፣ ያ አጥሩን የገዛ በሬው ያፈረሰበት ገበሬ ሳይቀር በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

«አንድ» አሉ አያ ቢተው። «ይኼን ሁሉ ዘመን አስተምሮ ይቺን ሳታት።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና በርጩማቸውን ለገበሬው ሰጡት። እኔም ተነሣሁ።